የሥጋ ልጅና የእንጀራ ልጅ

የአማርኛ ቋንቋ የሰውን ልጅ ዝምድና በሁለት መሠረት ላይ አቁሞታል፤ አንዱ ደም ነው፣ ሁለተኛው እንጀራ ነው። ከአብራክ የተከፈለው የሥጋ ልጅ ይባላል። ከሌላ ተወልዶ በአንድ ሰው ማዕድ ያደገው ደግሞ የእንጀራ ልጅ ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ጥንታዊ ሰው በአንዲት ቃል ውስጥ ታላቅ ሐሳብ አኑሯል፤ ይኸውም ደም ያላገናኘውን እንጀራ ሊያገናኘው ይችላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ የአነጋገር ልማድ ስሙን አዋርዶታል። በተረቱ ሁሉ የእንጀራ እናት ክፉ ናት፤ የእንጀራ ልጅም ከምድጃው ራቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ ሌሎች ከጠገቡ በኋላ የሚጎርስ ነው። ሰው ከመሶቡ አጠገብ ተቀምጦም ባዳ ሊሆን እንደሚችል ልማዱ ራሱ ይመሰክራል።

እንግዲህ ከዚህ ቃል ውስጥ አንድ የሞራል ጥያቄ ይወጣል። እንጀራ በእርግጥ ዝምድናን ይፈጥራልን? ከፈጠረስ፣ አንዱ በሌላው ላይ ምን ዓይነት ዕዳ እንዲኖረው ያደርጋል? እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ በሰው አገር ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ልጆች ወልዶ ያሳደገ ሰው የዚያ አገር ልጅ ይሆናል ወይስ እስከ ዕለተ ሞቱ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ይቀራል? ጥያቄው ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ሕግ የመኖሪያ ፈቃድን ሊሰጥ ወይም ሊከለክል ይችላል፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ግን እርስ በርሳቸው ምን እንደሆኑ ሊወስን አይችልም።

ይህን ጥያቄ በዝግታና በጥልቀት ከመረመሩት የኪነ ጥበብ ሥራዎች አንዱ አብደላቲፍ ከሺሽ ደርሶ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በፈረንሳይ አገር የቀረበው "ላ ግሬን ኤ ለ ሙሌ" የተባለው ፊልም ነው። ርእሱ ሲተረጎም "እህሉና ዓሣው" እንደ ማለት ነው። ግሬን የተባለው ከስንዴ የሚዘጋጀውና በእንፋሎት የሚበስለው ኩስኩስ ሲሆን፣ ሙሌ ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚጠመድ ዓሣ ነው። ሙሌ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ በቅሎም ማለት ስለሆነ፣ ሸክሙን ተሸክሞ ያለ ንግግር የሚጓዘው የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ከርእሱ ውስጥ ብቅ ይላል። ከሺሽ እ.ኤ.አ. በ1960 በቱኒስ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ የሄደ፣ በተዋናይነት ጀምሮ ወደ አዘጋጅነት የተሸጋገረ ባለሙያ ነው። ፊልሙ በዚያው በ2007 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተጋርቷል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሴዛር የተባለውን የፈረንሳይ ሽልማት በምርጥ ፊልም፣ በምርጥ አዘጋጅነትና በምርጥ ድርሰት አግኝቷል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሤት በተባለች የወደብ ከተማ ነው። ስሊማን ከሰሜን አፍሪካ የመጣ፣ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ፣ በመርከብ መጠገኛ ውስጥ ለ35 ዓመታት ጉልበቱን የሸጠ ወዝ አደር ነው። እነዚህ ዓመታት ከፊልሙ ዘመን ወደ ኋላ ሲቆጠሩ የሚያደርሱት የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 የውጭ ሠራተኞችን ፍልሰት ካገደበት ጊዜ ቀድሞ ወዳለው ወቅት ነው። ያኔ ፋብሪካዎችና ወደቦች የሰሜን አፍሪካን ጉልበት በእጅጉ ይፈልጉ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ግን ያ ዘመን አልፏል። አሠሪው ስሊማንን የሚወቅሰው ሥራው ከታቀደለት ጊዜ ዘገየ በማለት ነው። የሥራ ሰዓቱ ይቀነስበታል፤ የእንጀራ ገመዱ ይላላል። ልጆቹ ሊያጽናኑት ሲመጡ ወደ ትውልድ አገሩ እንዲመለስ ይመክሩታል። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራበት ከተማ ያልፈለገው ሰው፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት የተወው መንደር እንዲቀበለው ተመኙለት።

ስሊማን ከሚስቱ ከሱአድ ተለያይቶ ላቲፋ የተባለች ሴት በምታስተዳድረው ትንሽ ሆቴል ውስጥ በአንዲት ክፍል ይኖራል። ላቲፋ ወዳጁ ናት፤ ልጇ ሪምም እንደ አባቷ ታየዋለች። ከወደቡ ያገኘውን ዓሣ በሞተር ብስክሌቱ ጭኖ ለሁለቱም ቤት ያድላል። በመጨረሻም የስንብት ገንዘቡን ይዞ አንዲት ያረጀች መርከብ ሊጠግንና የኩስኩስ ምግብ ቤት ሊያደርጋት ይነሣል። ወጥ ቤቷ የምትሆነው የተለያት ሚስቱ ሱአድ ናት።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙው የሚያልፈው ሰዎች ሲበሉ፣ ሲያወሩ፣ ሲጠብቁ ነው። ስለ ሕፃን ልጅ የሽንት ጨርቅ ዋጋ የሚደረግ ጭውውት ሳይቆረጥ ይሄዳል። የእሑድ ምሳ የሚበላው በምሳ ልክ ነው፤ ካሜራው ወደ አፎች ተጠግቶ ጣቶች ዓሣውን ሲፈለፍሉ፣ ከንፈሮች በመረቅ ሲርሱ ይመለከታል። ፈጣን ትርኢት የለመደ ተመልካች ይህን ሲያይ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ይችላል። ሆኖም ዝግታው የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ የፊልሙ ዋና ክርክር ነው። ታሪኩ የሚነሣው አንድ ሰው ዘገየ ተብሎ ሲገፋ ነውና፣ ተመልካቹ ዘገየ ብሎ ፊልሙን ቢተው ከአሠሪው ጋር ተባበረ ማለት ነው። የአንድን ሰው ጊዜ ዋጋ የሚተምነው ማን ነው? አሠሪው የሚለካው በተጠገነ መርከብ ቁጥር ነው። ማዕዱ ግን ሌላ መለኪያ አለው። ዱቄቱ በውሃ ርሶ በእጅ እየታሸ ቅንጬ እስኪመስል፣ ከሚፈላው መረቅ በላይ ተቀምጦ በእንፋሎት እስኪበስል፣ ወርዶ በእጅ ተፈርፍሮ እንደገና እስኪጣድ ድረስ ኩስኩስን ማንም ሊያጣድፈው አይችልም። ዝምድናም እንዲሁ ነው። የደም ዝምድና በአንዲት የልደት ሰዓት ይጸናል፤ የእንጀራ ዝምድና ግን ዕለት ዕለት እየታሸና እየበሰለ ካልሆነ አይገኝም።

በዚያ የእሑድ ምሳ ላይ ስሊማን የለም። በሱአድ ቤት ልጆቿ፣ የልጆቿ ባሎችና ሕፃናት ተሰብስበዋል፤ ከቤተሰቡ ጋር የተጋባ ፈረንሳዊም ጥቂት የአረብኛ ቃላት እያጣመመ ሲናገር ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል። ሱአድ ግን የሌለውን ሰው አልረሳችም፤ የስሊማን ድርሻ ተነሥቶለት ወንዶች ልጆቹ ወደ ሆቴሉ ያደርሱለታል። እርሱም ከሪም ጋር ይበላዋል። የተፋታች ሚስት ያበሰለችው ምግብ በአዲሲቱ ወዳጁ ቤት፣ ከወዳጁ ልጅ ጋር ይበላል። በማዕድ ላይ ላልተገኘ ሰው ድርሻ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ የኢትዮጵያ ተመልካች ማብራሪያ አይሻም። የተቀመጠው ድርሻ ሰውየው ምንም ቢርቅ ቦታው እንዳልተዘጋ የሚናገር ምስክር ነው። ሱአድ ከዚህም አልፋ ከምታበስለው ላይ ለድሀ የሚሰጥ ሳህን ትለያለች። ይህች ሳህን ኋላ ከባድ ፍርድ ትሸከማለች።

ከማዕዱ ወደ መሥሪያ ቤት ሲኬድ ዝግታው መልኩን ይለውጣል። ስሊማንና ሪም ወደ ባንክ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ የጤና ደንብ ወደሚያስከብረው መሥሪያ ቤት ይመላለሳሉ። የሚቀበሏቸው ሰዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ማንም አይሰድባቸውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ወረቀት ሌላ ወረቀት ይወልዳል። ሽማግሌው ዝም ይላል፣ ልጅቱ ትናገራለች። ቋንቋውን የምታውቅ፣ እዚያው ያደገች፣ ለማሳመን ፈጣን የሆነች ወጣት ለእንጀራ አባቷ አንደበት ሆነች። አባት ልጁን አፍ ያስፈታል፤ በስደት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ልጅ አባቷን አፍ ታስፈታለች።

የፈቃዱ ነገር ስላልተቋጨ ስሊማን ሥራውን የሚያሳይበት አንድ የግብዣ ምሽት ያዘጋጃል። የከተማዋ ባለሥልጣኖች፣ የባንክ ሰዎች፣ የምግብ ቤት ባለቤቶች ተጠርተው በመርከቧ ላይ ይቀመጣሉ። ዓሣውና መረቁ ደርሷል፤ ኩስኩሱ ግን ጠፍቷል። የስሊማን የሥጋ ልጅ ማጂድ ሚስቱ እያለች በድብቅ የያዛት ሴት ከተጋባዦቹ መካከል ስለነበረች፣ እንዳትጋፈጠው ፈርቶ መኪናውን አስነሥቶ ሄዷል። የኩስኩሱ ድስት በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበረ። ማጂድ አባቱን ሊጎዳ አላሰበም፤ ከራሱ እፍረት ሊሸሽ ብቻ ነው የፈለገው። የሞራል ትምህርቱ የሚከብደውም በዚህ ነው። የቤተሰብ እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በጠላት እጅ አይደለም፤ ራሱን ብቻ ሊያድን በሮጠ ዘመድ እግር ሥር ተረግጦ ነው።

ስሊማን ሱአድ ሌላ ታበስልለት ዘንድ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ቤቷ ይሄዳል። ሱአድ ግን ቤቷ የለችም፤ ያችን የድሀ ሳህን ልታደርስ ወጥታለች። በዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ ሊሟገት ይችላል፤ ደግነቷ ለባዳ ደርሶ ለዘመድ ጠፋ፣ ስለዚህ ሥርዓት የሌለው ደግነት ጉዳት ነው ሊል ይችላል። ክርክሩ ግን በሚገባ አይቆምም። ሱአድ ድርሻዋን ፈጽማለች፤ የተጠየቀችውን አብስላ ሰጥታለች። ለድሀው ያደረሰችውም ምንም ወረቀት፣ ምንም ፈቃድ፣ ምንም ክፍያ ያልተጠየቀበት ብቸኛው ምግብ ነው። በዚያ ምሽት ሤት ከተማ ውስጥ ከሱአድ እጅ የወጣ ኩስኩስ በሰዓቱ የደረሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም መክፈል የማይችለው ነው።

ደግሞም ስሊማን ራሱ ከጥያቄ ነጻ አይደለም። የሚከፍተው ምግብ ቤት የቆመው ትቷት በወጣት ሴት ሙያ ላይ ነው። ስሙ የእርሱ፣ ድካሙ የእርሷ ነው። ላቲፋም የሆቴሏን ክፍል፣ ፍቅሯንና ልጇን ሰጥታው ሳለ ባዳ ሆና ከግብዣው ልትቀር ነበር፤ ሪም እያለቀሰች ባትለምናት ኖሮ በእፍረት ቤቷ ተቀምጣ በቀረች። አሠሪው የስሊማንን ላብ ያለ ምስጋና እንደወሰደ፣ ስሊማንም የሁለት ሴቶችን ላብ እንደ ተገቢ ነገር ተቀብሏል። ፊልሙ ለተበዳዩ ሰው ቢያዝንም በደልን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ለመከታተል ዓይኑን አይጨፍንም። የማጂድ ሚስት ጁሊያ፣ ከሩሲያ የመጣችው ስደተኛ፣ በዚያች ጭንቅ ሌሊት ስሊማን ፊት ቆማ የተጠራቀመ ምሬቷን በረጅም ለቅሶ ስታወጣ፣ በስደተኛው ቤት ውስጥ ሌላ ስደተኛ፣ በእንጀራ ልጁ ቤት ሌላ የእንጀራ ልጅ እንዳለ ይታወቃል።

መርከቧ ላይ ተጋባዦቹ ይርባቸዋል። መጠጡ ይቀዳል፤ ጨዋነቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሹክሹክታው ይጀምራል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሰው የአንዲት ሰዓት ጥበቃ ይነፈገዋል። በዚህ ጊዜ ሪም ትነሣለች። የውዝዋዜ ልብስ ለብሳ፣ ሽማግሌዎቹ የሙዚቃ ሰዎች እየመቱላት፣ በተራቡት እንግዶች ፊት በሆዷ መወዛወዝ ትጀምራለች። ላቡ በፊቷ ላይ ይወርዳል፤ ውዝዋዜው ይረዝማል፤ እንግዶቹ ረሃባቸውን ይረሳሉ።

ይህ ትዕይንት ሁለት ፍርድ ይቀበላል። አንደኛው ፍርድ የሚለው ይህ ነው፦ የስደተኛው ቤተሰብ የሚያቀርበው ምግብ ባጣ ጊዜ የልጅቱን ገላ አቀረበ፤ ባለሥልጣኖቹም በሥራው ያልተቀበሉትን በውዝዋዜው ተቀበሉት። ካሜራው ራሱ ከገላዋ ላይ አልነሣም ማለቱ ለዚህ ክስ ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛው ፍርድ ደግሞ ማንም አላዘዛትም ይላል። ስሊማን አላወቀም፤ እናቷ አልላከቻትም። ያላትን ብቸኛ ነገር በራሷ ፈቃድ ሰጥታ ለእንጀራ አባቷ ጊዜ ገዛችለት። ሁለቱም ፍርዶች እውነት ናቸው። መሥዋዕትነቱ ክቡር ነው፤ መሥዋዕትነቱን የጠየቀው ሁኔታ ግን ውርደት ነው። የአንዱን እውነትነት ለማዳን ሲባል ሌላውን መካድ አይገባም። አንድ ሰው ተከብሮ ለመኖር ሌላው ሰው መዋረድ የሚኖርበት ሥርዓት፣ የሪም ልብ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

በሜዳ ላይ ደግሞ ሕፃናት የስሊማንን ሞተር ብስክሌት ወስደው እየነዱ ይስቁበታል። ሽማግሌው በእግሩ ያባርራቸዋል። ሲቀርብ ይርቃሉ፤ ሲቆም ይመለሳሉ። ዘገየ የተባለው ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሮጣል፤ ሩጫውም ይጥለዋል። ላቲፋ በበኩሏ ለማንም ሳትናገር ከመርከቧ ወጥታ ሌላ ኩስኩስ ልታበስል ሄዳለች። ፊልሙ ውጤቱን አያሳይም። ውዝዋዜው እንደቀጠለ፣ ሰውየው እንደወደቀ ያበቃል።

በመሆኑም የመነሻው ጥያቄ እዚህ ላይ ተጨባጭ መልክ ይይዛል። በዚያ ሌሊት ለስሊማን ልጁ ማን ነው? የአብራክ ክፋዩ እንጀራውን ጭኖ ሄደ፤ የእንጀራ ልጁ ቆመችለት። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ እንጀራ ከደም ይበልጣል ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። የሥጋ ሴት ልጆቹም በመርከቧ ላይ ሲያስተናግዱ፣ ሲባክኑ አምሽተዋል። እንጀራ ብቻውን ዝምድናን የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ ኩስኩስን የሚበሉ ሁሉ በተዛመዱ ነበር። አልጄሪያ፣ ሞሪታንያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ ኩስኩስ የጋራ ቅርሳቸው እንዲሆን በአንድነት አመልክተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አስፍረውታል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2021፣ አልጄሪያ ከሞሮኮ ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች። ያው ምግብ በሁለቱም ቤት በእንፋሎት ይበስላል፤ በመካከላቸው ያለው ድንበር ግን ዝግ ነው። እንግዲህ የሚያዛምደው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ምግቡ የሚቀርብበት መንገድ መሆን አለበት።

መንገዶቹም ሦስት ናቸው። የሚሸጥ እንጀራ አለ፤ የሚካፈሉት እንጀራ አለ፤ የሚሰጡት እንጀራ አለ። በመርከቧ ላይ የቀረበው የመጀመሪያው ነው፤ እንግዶቹ ሊበሉና ሊመዝኑ የመጡ ገዢዎች ናቸው። በእሑዱ ምሳ የተበላው ሁለተኛው ነው። የሱአድ ሳህን ሦስተኛው ነው። ስደተኛው ከፊቱ የተደቀነበት ፈተና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው መለወጥ መቻሉ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከኢትዮጵያ ወጥተው በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ምግብ ቤት የከፈቱ ሰዎችም ይህንኑ ፈተና ያውቁታል። እንግዳው በእጁ ቆርሶ መብላትን ይለምዳል፤ ጉርሻ የሚለውን ቃል ይማራል፤ ከፍሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። ያም ክፉ ነገር አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገበት የላብ ዋጋ ነው። ነገር ግን የበላው ሰው ወጡን እንጂ ባለቤቱን ተቀብሏል ማለት አይቻልም። የአንድን ሕዝብ ምግብ መውደድ ቀላል ነው፤ ምግቡ ሲዘገይ የዚያን ሕዝብ ሰው መጠበቅ ግን ከባድ ነው።

የእንጀራ ዝምድና ፈተናም ከዚህ ላይ ነው። መሶቡ ሲሞላ ሁሉም ዘመድ ነው፤ የሚለየው መሶቡ ባዶ ሆኖ የቀረበ ዕለት ነው። በባዶ መሶብ ዙሪያ ሳይነሣ የቆየ፣ ወይም ሊሞላው ተነሥቶ የወጣ፣ እርሱ ዘመድ ነው፤ ከየትም ይወለድ፣ ምንም ቋንቋ ይናገር። ላቲፋ ያልተጋበዘችበትን ያህል በተሰማት ግብዣ ላይ፣ ለባላንጣዋ ድስት ምትክ ልታበስል በሌሊት ወጣች። ሪም ባልወለዳት አባት ፊት ሳይሆን ከኋላው፣ እርሱ ሳያያት ቆመችለት። ሁለቱም ምስጋና አልጠየቁም፤ ምስጋና የሚሰጣቸውም ሰው በዚያች ሰዓት ከመሬት ወድቆ ነበር።

ስለሆነም ድስቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ እንግዶቹ በሉ ወይስ ሳይበሉ ሄዱ የሚለው ጥያቄ ለነጋዴው አስፈላጊ ቢሆንም ለሞራል ጥያቄው ሁለተኛ ነው። ዕዳው አስቀድሞ ታውቋል። ሤት ከተማ ለስሊማን የሠላሳ አምስት ዓመት ዕዳ አለባት፤ ስሊማን ለሱአድና ለላቲፋ ዕዳ አለበት፤ ማጂድ ለሁሉም ዕዳ አለበት። ከዕዳው ነጻ ሆነው ሳለ የከፈሉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ በምድጃ ላይ፣ ሌላዋ በመርከብ ወለል ላይ። ቋንቋው ለእንዲህ ያለው ሰው ያወጣለት ስም ከጥንት ጀምሮ በአፍ ላይ ነበረ። የእንጀራ ልጅ የሚለውን ቃል የሚናገር ሁሉ፣ በልማድ የተጫነበትን ንቀት አውርዶ በመጀመሪያ የተሠራበትን ክብር ሊመልስለት ይገባል።